የክፍሉ ግሩፕ

አዲስ ነገር ከሌላው አገር ቀድሞ ድሬዳዋ መግባቱ የቆየ ልማድ ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ለደንበኞች ሲከፍት መጀመሪያ የመረጠው ድሬን ነበር። ከዚያ በፊት በአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ሲሠራበት የኖረው የአገሪቱ ቴሌኮም ሁለተኛ አቅራቢ ያየው እዚህ ነው። አዲስ አበባ በ07 የሚጀምረውን የሳፋሪኮም ቁጥር በይፋ ያገኘችው ከወር በላይ ዘግይታ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።

ሲም ካርዱ ከአባት ኪስ ወደ ልጅ ኪስ ለመውረድ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። ዛሬ በከዚራም ሆነ በሳቢያን፣ በመጋላም ሆነ በገንደ ቆሬ፣ ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ዐይን ስልኩ ላይ ነው። እናት «ደግሞ ያንን ስልክ!» ስትል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ትምህርት ነው እማ፣ የክፍላችን ግሩፕ ነው።» ልጁ አልዋሸም። ትምህርቱም እዚያው ነው፤ ሌላውም ሁሉ እዚያው ነው።

የትኛውንም የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶ ጣትን ወደ ላይ መሳብ ይበቃል። የባዮሎጂ መምህሩ የላኩት የምዕራፍ ሦስት ማስታወሻ በፒዲኤፍ አለ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ነገ ቴስት አለ እንዴ?» የሚል ጥያቄ፣ ከዚያ መዓት ስቲከር። የሒሳብ ጥያቄ ፎቶ ተነስቶ ተልኳል፤ አንዷ ጎበዝ ተማሪ ደግሞ በድምፅ መልእክት ደረጃ በደረጃ አስረድታዋለች፤ እንዲህ ያለው ጓደኛን የማስጠናት ነገር ከመጽሐፍ የማይገኝ ነው። ቀጥሎ «በስልካችሁ ገንዘብ ሥሩ» የሚል ሊንክ ይመጣል፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ የአገሩን ወጣት ሁሉ ስክሪን ሲያስነካካ በከረመበት ጊዜ እንዲህ ያለው ሊንክ ያልደረሰው ግሩፕ ማግኘት ይከብድ ነበር። ከሊንኩ በታች ከማይታወቅ ቻናል ፎርዋርድ የተደረገ፣ ምንጭ የሌለው፣ ስለ አንድ ብሔር ወይም ስለ አንድ ሃይማኖት የሚያወራ ጽሑፍ ይቀመጣል፤ መጨረሻው ላይ «ሼር አድርጉ፣ ለሁሉም ይድረስ» ይላል። በዚህ ሁሉ መካከል መምህሩ የሉም። ማስታወሻቸውን ልከው ወጥተዋል።

መምህራን እዚህ ግሩፕ ውስጥ የገቡት ደልቷቸው አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። መንግሥት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተማር ጀመረ፤ አቅሙ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቴሌግራም ላይ ወጡ። ቴሌግራም በደካማ ኔትወርክም ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ይሸከማል፣ የተላከውም ሳይጠፋ ይቆያል። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ግሩፖቹ አልተዘጉም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ሳይደርስ ቀረና ሶፍት ኮፒው ከስልክ ወደ ስልክ መዞር ያዘ። በየዓመቱ በየግል ትምህርት ቤቱ ወላጅና መምህር የሚጻጻፉበት ኮሙኒኬሽን ቡክ እንኳ በብዙ ቦታ ለግሩፕ ቦታውን ለቋል።

እንዲህ ሆኖ በችግር ጊዜ የተከፈተው ግሩፕ ቋሚ ክፍል ሆነ። ግን የክፍል ሕግ አልወጣለትም። ትምህርት ቤቱ በስም አያውቀውም፤ በመምህሩ የግል ስልክ የተከፈተ ነው። አምና ያለፉት ተማሪዎች አልወጡም፤ ማን እንዳስገባቸው የማይታወቁ ስሞች አሉ። ጥቁር ሰሌዳ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ እንግዳ ሰው ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ዩኒት ሊደሩ ሳይቀር ይሯሯጣል። ግሩፑ ውስጥ ግን ያ እንግዳ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ሊከርም ይችላል።

በላይኛው እርከን ለዚህ ሁሉ የተሰጠው መልስ በአብዛኛው አንድ ነበር፤ መዝጋት። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሊጀመር ሲል የእንግሊዝኛው ፈተና ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጣ። በውጭ የሚኖሩ አክቲቪስቶች፣ በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ ሳቢያ ለወራት ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ሳይዘጋጁ መፈተን የለባቸውም የሚል ጥያቄ አንስተው ነበር። ወደ 254,000 ተማሪ የሚጠብቀው ፈተና ተሰረዘ። በሐምሌ መጀመሪያ ሲደገም መንግሥት ፌስቡክን፣ ትዊተርን፣ ኢንስታግራምንና ቫይበርን ዘጋ፤ የተሰጠው ምክንያት ተማሪዎች ሐሳባቸው እንዳይከፋፈል የሚል ነበር። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሳው ችግር ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አምስት ወር ያህል ታገዱ።

በእነዚያ አምስት ወራት ተማሪው ምን ተማረ ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ቪፒኤን መጫን ተማረ። የተጠራጠረውን መልእክት ከየት እንደመጣ ማጣራት አልተማረም፣ የሌላ ሰው ፎቶ ሲደርሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አልተነገረውም። እገዳው ሲነሳ ግሩፑ ውስጥ የተመለሰው ያው ልጅ ነው።

ፈተናውን በተመለከተ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው፣ ስልክ ተከልክለው ሲፈተኑ ኩረጃው በእርግጥ ተገታ። ውጤቱም አገር አስደነገጠ፤ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተና ክፍል በር ላይ ስልክ መቀበል ትክክል ነው። ችግሩ ያ የሦስትና የአራት ቀን ጉዳይ መሆኑ ነው፤ ልጁ ከስልኩ ጋር የሚኖረው ቀሪውን ዓመት ነው።

ቀሪውን ዓመት ቸል ማለት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለማሳየት ከባሕር ዳሩ ታሪክ የከፋ የለም። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ስም በተከፈተና በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተከታዮች ባሉት የፌስቡክ ገጽ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ወጣ፤ ትግራዋይ በመሆናቸው ተወነጀሉ፣ የሚኖሩበት አካባቢም ተጠቆመ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለፌስቡክ አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በራቸው ላይ በጥይት ተገደሉ። ኩባንያው ከጽሑፎቹ አንዱ ደንቡን እንደሚጥስ ለልጃቸው ያሳወቀው ከሞታቸው ስምንት ቀን በኋላ ነበር። አብርሃም ከሌሎች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

ያ ገጽ የዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ስም ይዞ ነበር የተከፈተው። ለመምህራንና ለተማሪዎች ቅርብ ሆኖ ሊታይ የሚችል ስም ነው። ገጹን ያዩ፣ ያነበቡ፣ ያሳለፉ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከልም «ይህ ሰው መምህሬ ነው፣ ይህ ነገር ልክ አይደለም» ማለት የሚችሉ ሊኖሩ ይችሉ ነበር።

ድሬ ይህን ከሌላው ከተማ በላይ ልብ ልትለው ይገባል። አንድ መንገድ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚሰማባት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚሰጥባት ከተማ ናት። የድሬ ልጅ ተጫውቶ፣ ተሳስቆ፣ «አቦ!» ተባብሎ ነው የሚያድገው። ነገር ግን በጥር 2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል ጋር ተያይዞ በተነሳው ሁከት ከተማዋ ለቀናት ታውካ እንደነበር ነዋሪው አይረሳም። እንዲህ ባለ ቀን ስልክ ላይ የሚዞረው ወሬ ከመንገዱ ሁከት ይፈጥናል። ያንን ወሬ ያጣራልናል ብሎ ኩባንያዎቹን መጠበቅም አይቻልም። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ፓርላማ ስትመሰክር፣ ስድስት ዋና ዋና ቋንቋዎች ባሏት ኢትዮጵያ የኩባንያው የደኅንነት ሥርዓት የሚደግፈው ሁለቱን ብቻ መሆኑን ተናግራለች። ኩባንያው በዚያው ሰሞን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ የሚጻፈውን መመርመር እንደሚችል ገልጿል። የድሬ ልጅ ግን ሦስቱን ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀላቅሎ፣ ያውም በላቲን ፊደል ይጽፋል። ያንን በትክክል የሚረዳው እዚያው ያደገ ሰው ነው። እዚያው ያደገ፣ ልጆቹን በስም የሚያውቅና በየዕለቱ የሚያገኛቸው ሰው ደግሞ መምህሩ ነው።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? ብዙው ሥራ ከሚታሰበው ያነሰና ቀላል ነው፤ አንዳንዱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነው።

የመጀመሪያው ግሩፕንና ቻናልን መለየት ነው። ቻናል ላይ የሚጽፈው አድሚኑ ብቻ ነው፤ ተከታዮቹ እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ማስታወሻ፣ ወርክሺት፣ የፈተና ፕሮግራም የሚላክበት ቻናል መሆን አለበት። ግሩፕ ለውይይት ነው፤ ከተከፈተም አባላቱ በክፍሉ ስም ጥሪ ዝርዝር ልክ መሆን አለባቸው። ቴሌግራም ላይ አዲስ ገቢ በአድሚን ፈቃድ ብቻ እንዲገባ ማድረግ፣ ቪዲዮ መላክን መከልከል፣ በመልእክትና በመልእክት መካከል የግዴታ ቆይታ ማስገባት ይቻላል። ሁሉም ማስተካከያው ውስጥ አሉ፤ የሚነካቸው ግን ጥቂት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ግሩፑ ይዘጋ፣ ለአዲሱ ክፍል አዲስ ይከፈት። አድሚኑ አንድ ሰው ብቻ ባይሆን ይመረጣል፤ ሌላ መምህር ወይም ዩኒት ሊደሩ ቢጨመርበት መምህሩንም ከሐሜት ያድነዋል።

ሁለተኛው የግል መልእክት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም። አንድ መምህር ከአንዲት ተማሪ ጋር ሌሊት በግል የሚጻጻፍበት ምክንያት የለም። ጥያቄ ካላት ግሩፑ ላይ ትጠይቅ፣ ወይም ነገ ክፍል ውስጥ። ኢክፓት የተባለው ድርጅት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በኢትዮጵያ ላይ ባወጡት የ2022 እ.ኤ.አ. ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች መካከል 10 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በኢንተርኔት አማካይነት ከባድ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ብዝበዛ ደርሶባቸዋል። አርባና ሃምሳ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ይህ አሐዝ ሲተረጎም ምን ያህል ልጅ እንደሚሆን ማንም መምህር ማስላት ይችላል። የተማሪዎች ስልክ ቁጥር የሚታይበት፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው የተቀመጠበት ግሩፕ ለእንዲህ ዓይነቱ አዳኝ የተከፈተ በር ነው። ቁጥርን መደበቅ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው፤ የዓመቱ የመጀመሪያ የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢውል አይቆጭም።

ሦስተኛው ካሜራው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ክፍል ውስጥ ተማሪዎችን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ተለምዷል። የሚያምሩ አሉ፤ ሕፃናት ሲዘምሩ፣ መምህርት በጨዋታ ፊደል ስታስቆጥር። ግን ሌላ ዓይነትም አለ፤ ልጁ ማንበብ አቅቶት ሲንተባተብ ክፍሉ ሲስቅ፣ ጥያቄ ተጠይቆ የማይሆን መልስ ሲመልስ። የልጁ ፊት፣ የደንብ ልብሱ ቀለም፣ ደረቱ ላይ ያለው የትምህርት ቤቱ ዓርማ ሁሉ ይታያል። ቪዲዮው መቶ ሺህ ሰው ያየዋል፤ ልጁ አድጎ ሥራ ሲፈልግም እዚያው ይኖራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፣ አንቀጽ 36 ደግሞ በሕፃናት ጉዳይ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም የሰው ምስል እንደተገኘ የሚበተን ነገር አለመሆኑን አጽንቶታል። ወላጅ ሳይፈቅድ፣ ልጁም ሳይስማማ የልጅ ፊት መለጠፍ ተገቢ አይደለም፤ የሚያሳፍር ከሆነ ደግሞ ወላጅ ቢፈቅድም መለጠፍ የለበትም።

አራተኛው ማጣራትን ማስተማር ነው፤ ከሁሉም የሚያስደስተውና ከትምህርቱ ጋር የሚጣጣመውም ይህ ነው። ለድሬ ልጆች ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እንበልና ክረምት ላይ አንድ የጎርፍ ፎቶ «አሁን፣ ድሬ!» ተብሎ ግሩፑ ላይ ይወድቃል። መምህሯ መልእክቱን ከማጥፋቷ በፊት ክፍል ይዛው ትገባለች። «ማን ነው መጀመሪያ የላከው?» የሚመልስ የለም። «ፎቶው ላይ ምን ይታያችኋል?» ልጆቹ ድልድዩን፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ የባጃጁን ቀለም መመርመር ይይዛሉ። አንዱ «ይሄ እኮ የእኛ ድልድይ አይደለም» ይላል። ከዚያ ፎቶው በጉግል ሌንስ ይፈለጋል፤ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሳ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። እውነተኛና የዛሬ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጎረቤትን ማስጠንቀቅ ይገባል ማለት ነው፤ ማጣራት ማለት ሁሉን መካድ እንዳልሆነ ልጆቹ በዚሁ ይረዱታል። ለዚህ ትምህርት አርባ ደቂቃ ይበቃል፤ አንድ ስልክ ለአንድ ክፍል ይበቃል። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያሉ አጣሪዎች የሠሯቸውን ምሳሌዎች ማሳየትም ይቻላል።

በየትምህርት ቤቱ ያለው የሚኒ ሚዲያ ክበብ ለዚህ ሥራ የተሰናዳ መድረክ ነው። እረፍት ላይ በድምፅ ማጉያ ዜና፣ ግጥምና የልደት ምኞት የሚያነቡት እነዚያው ልጆች፣ «በዚህ ሳምንት ግሩፖቻችን ላይ የዞረ ሐሰት» የሚል የአምስት ደቂቃ ዝግጅት በሦስት ቋንቋ ቢያቀርቡ መምህር ከሚመክረው በላይ ይሰማሉ። ተማሪ የተማሪን ድምፅ ይሰማል።

ሕጉንም ማወቅ መብታቸው ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ላይክና ታግ ማድረግን ከማሰራጨት አይቆጥረውም። ጥላቻን ማሰራጨት ግን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ በዚያ ሳቢያ በሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ ይከብዳል። የ17 ዓመት ልጅ አምስት ሺህ ተከታይ ማፍራት በቲክቶክ ዘመን ብርቅ አይደለም። ይህን ከፖሊስ ከመስማቱ በፊት ከሥነ ዜጋ መምህሩ ቢሰማ ይሻላል።

ዓለም በዚህ ጉዳይ ወደ ክልከላ እያዘነበለ ነው። ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. በትምህርት ቤት ስልክን አግዳለች፤ አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ዩኔስኮም በ2023 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ፣ ተማሪ በስልክ ከተዘናጋ በኋላ ሐሳቡን መልሶ ለመሰብሰብ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል ጽፏል። በክፍለ ጊዜ መሐል ስልክ ይዘጋ የሚለው ክርክር ትክክል ነው፤ ብዙ የድሬ ትምህርት ቤቶችም ስልክ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ። ግን መጽሐፉን በስልክ ለሚያነብ ልጅ ሙሉ ክልከላ መጽሐፉንም አብሮ መንጠቅ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ አገር የሚያዋጣው ሰዓቱን መለየት ነው፤ ክፍል ውስጥ መምህሩ ካላዘዙ ስልክ ይዘጋል፣ ግሩፑም ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ሊሰፍር ይችላል። በመስከረም በሚደረገው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተነብቦ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተባዝቶ ወላጅም ተማሪም መምህርም ቢፈርሙበት የግሩፑ ደንብ ይሆናል። ብዙ ወላጅ ቴሌግራም ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ልጁ ግሩፕ ውስጥ እንዳለ፣ አድሚኑ ማን እንደሆነ፣ ቅሬታ ካለው ለማን እንደሚናገር ግን ማወቅ አለበት።

በዚያ ገጽ ላይ መቅረት የሌለበት አንድ መስመር ደግሞ አለ፤ ስልክ የሌላቸው ልጆች ጉዳይ። በየክፍሉ አሉ። እናቷ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ ልጅ፣ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ዘመድ ቤት የተጠጋ ልጅ። የቴስቱ ቀን በግሩፕ ብቻ ሲነገር እነሱ ሳይዘጋጁ ይቀመጣሉ፤ ጓደኛቸውን «ቲቸር ምን ላኩ?» እያሉ መጠየቅ የሰለቻቸው፣ ከዚያም መጠየቅ ያፈሩ አሉ። ግሩፑ ላይ የወጣ ነገር በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ የተላከው ማስታወሻም አንድ ኮፒ ታትሞ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ውጤት የሚያዝበት ማንኛውም ሥራ ደግሞ በቴሌግራም ብቻ አይሰጥ።